ደጃፋችንን ሁለት ጊዜ ሠራን

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ደጃፍ ነው። "የመጋቢ ሚስት ሆና ስለ ጸሎት ወይም ስለ ልጆች አስተዳደግ ብትጽፍ አይሻልም?" የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ስለ እነዚያም ጽፌአለሁ፤ ጌታ ቢፈቅድ ወደ ፊትም እጽፋለሁ። ነገር ግን ባለፉት ጥቂት ዓመታት እኔና ባለቤቴ እጅግ የተኳረፍነውም፣ እጅግ የተነጋገርነውም ከውጭው በር እስከ ሳሎኑ በር ባለችው፣ ዐሥራ አንድ እርምጃ በማትሞላ ቦታ ምክንያት ነው። ስለዚህ እርሷን ልናገር።

የምንኖረው ቢሾፍቱ ነው። ቤቱ የባለቤቴ ወላጆች የኖሩበት ሲሆን እኛ የገባንበት በ2003 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜም ቢሆን አዲስ አልነበረም። የላሜራው በር ከሥሩ ዝጎ ድመት የሚያሳልፍ ቀዳዳ አውጥቷል። የብሎኬቱ አጥር ልስኑ እየተላጠ ይረግፋል። ከበሩ እስከ በረንዳው የሚያደርሰው የሲሚንቶ መንገድ ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ ሰርዶ በቅሎበታል። በአንድ ወገን የዘይት ጀሪካን ቆርጠን የተከልናቸው ጀራኒየሞች አሉ፤ ግማሾቹ ደርቀዋል። በሌላው ወገን ከአንድ ጥገና የተረፈ የአሸዋ ክምር፣ እግሩ የተሰበረ ወንበርና አንድ አሮጌ ጎማ ተቀምጠዋል። መኪና የለንም። ጎማውን ማን እንዳመጣው ዛሬም አላውቅም።

እንዲህ ያለውን ነገር ዓይን ይለምደዋል። ልጅ ይወለዳል፣ አገልግሎት ይበዛል፣ የቀብርና የሠርግ ጥሪ ይከታተላል፤ ጎማው እዚያው ይቀመጣል።

በ2009 ዓ.ም. የሰፈሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ መንገዳችን ኮብልስቶን ተነጠፈ። ሁላችንም ደስ አለን፤ ከጭቃ ተገላገልን። ማናችንም ያላስተዋልነው ነገር ቢኖር ድንጋዩ ሲነጠፍ መንገዱ በአንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማለቱን ነው። ከዚያ በፊት ግቢያችን ከመንገዱ እኩል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዝቅ ብሎ ቀረ። ክረምት ሲመጣ መንገዱ ላይ የወረደው ውሃ በበራችን ሥር ሰተት ብሎ ይገባ ጀመር። እኛም በሩ ሥር ጆንያ አጋደምን። ጆንያው ስድስት ዓመት ተጋደመ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባለቤቴ ባለትዳሮችን ያማክራል። ሰዎች ወደ ቤታችን የሚመጡት ብዙ ጊዜ ሲመሽ፣ ሰው ሳያያቸው ነው። በ2015 ዓ.ም. በየካቲት አንድ ምሽት በሩ ሲንኳኳ ልከፍት ስወጣ ከውጭ የባልና የሚስት ድምፅ ሰማሁ። ሚስትየዋ "እርግጠኛ ነህ እዚህ ነው? ሰው ያለበት አይመስልም እኮ" ትላለች። ባልየውም "ፓስተር እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አይኖርም፣ ቀጣዩን በር እንሞክር" ይላል። በሩን ከፈትሁላቸው፣ ፈገግ ብዬም አስገባኋቸው። ሻይ ሳፈላ ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኅቶቼ፣ ይህን ስሜት የምታውቁት ይመስለኛል። ማንም አልሰደበኝም። ሆኖም ቤቴን ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግዳ ዓይን አየሁት፤ ካየሁት በኋላም አላስተኛኝ አለ።

ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። "ሰው የሚመጣው ለበሩ ነው እንዴ? ይልቅ ስለ እነርሱ እንጸልይ" አለኝ። ሌላ ቀን ደግሜ አነሣሁበት። "የመጋቢ ደጅ ሲያብረቀርቅ ደግሞ ምእመናን ምን ይላሉ? ለሰው ዓይን መኖር ይሆናል" አለኝ። የዳዊትን መመረጥም አነሣብኝ፤ ሰው ፊትን ያያል ስለሚለው፣ ሁላችሁም ስለምታውቁት። እኔም የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄአለሁና መልስ ነበረኝ፤ ነገር ግን ለባል በጥቅስ መመለስ ትዳር ውስጥ የት እንደሚያደርስ ስለማውቅ ዝም አልሁ። ዝም ማለቴ ግን መስማማቴ አልነበረም። በልቤ የራሴን አቅድ ነበር።

በመጋቢት እቁብ ደረሰኝ፤ ሃያ አራት ሺህ ብር። ባለቤቴ "ሮቶ እንግዛበት፣ ውሃ በሄደ ቁጥር በጀሪካን መሯሯጥ ሰለቸን" አለ። "እሺ፣ እናያለን" አልሁት። እርሱ በዚያው ሳምንት ለዐሥራ ሁለት ቀን አገልግሎት ወደ ደቡብ ሄደ። እርሱ አውቶቡስ ላይ ሲሳፈር እኔ ሴራሚክ ልመርጥ ሱቅ ገባሁ።

የመረጥሁት ሴራሚክ የሚያምር ነበር፤ ክሬም መልክ ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ። ሻጩ "ይህ ለመታጠቢያ ቤት ግድግዳ የሚሆን ነው" ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም ልበል? ሰምቼዋለሁ። ግን ለበረንዳውና ለሁለቱ ደረጃዎች ወሰድሁት። ከነሠራተኛው ዐሥራ አንድ ሺህ ፈጀ። ቀለም አራት ሺህ ሁለት መቶ። በከተማችን ዙሪያ የአበባ እርሻም ችግኝ የሚሸጥም ስለማይጠፋ፣ ያበበ ያበበውን እየመረጥሁ በሦስት ሺህ አራት መቶ ብር ገዛሁ። የሸክላ ማስቀመጫዎቹ ሦስት ሺህ። በጠቅላላው ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ብር።

ባለቤቴ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀረ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ደስ ያለው መሰለኝ። "ስንት ወጣ?" አለኝ። "ወደ ዐሥራ ሁለት ሺህ ገደማ" አልሁት። "የቀረው አለ አይደል?" "አለ።"

ይህን ቃል የተናገርሁት ቡና እየቀዳሁ ነበር። ሲኒው እንኳ አልተነቃነቀም። እንዲህ በቀላሉ መዋሸት የምችል መሆኔን አላውቅም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ የባለትዳሮች ኅብረት በቤታችን ተደረገ። ሁሉም አደነቀ። በሩ ላይ ፎቶ ተነሣን። አንዲት እኅት "እኔም ለባሌ ነግሬ እንዲህ አሠራለሁ" አለችኝ። እኔም የሠራተኛውን ስልክ ሰጠኋት፤ ይህን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይቀላል። በኋላ ደውዬላት ሁሉንም ነግሬአታለሁ፤ ደግነቱ ገና አልጀመረችም ነበር።

ግንቦት ሳያልቅ አበቦቹ መሞት ጀመሩ። የእኛ ግቢ አፈር ጥቁር አፈር ነው። አዳአ ጤፉን የሚያበቅለው ይኸው አፈር ነውና አልሰድበውም፤ ነገር ግን በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ያበበውን ችግኝ በጉድጓድ ውስጥ ቆሜ እንደ ችካል ተክዬው ነበርና ሥሩ መጀመሪያ ደረቀ፣ ቀጥሎ ሰመጠ። ሰኔ ሲገባ የአጥሩ ቀለም ከታች ጀምሮ እንደ ቃጠሎ ውሃ ቋጥሮ ይላጥ ጀመር። እርጥብ ግድግዳ ላይ ነበር የቀባሁት። የበሩም ዝገት በአዲሱ ቀለም ውስጥ ቡናማ ሆኖ ብቅ አለ፤ ሳልፍቅ፣ አንቲረስት ሳልቀባ ከላይ ከላይ ሸፍኜው ነበር። ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ ነው። ገንዘብ ይመጣል።

ከፊት ለፊታችን አንድ አሮጊት እናት ይኖራሉ። እማማ እንላቸዋለን። በእምነት አንድ ባንሆንም በቡና ተለያይተን አናውቅም። ልጆቼን ያሳደጉት ግማሹን እርሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። በነሐሴ መግቢያ፣ ካፊያ በሚወርድበት ከሰዓት በኋላ፣ ለልጆቹ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። እኔ ወጥ ቤት ነበርሁ። "ቤቶች!" ሲሉ ሰማሁ፤ "ይግቡ እማማ" አልሁ፤ ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ መግለጽ አልፈልግም። ስወጣ በዚያ በሚያብረቀርቀው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወድቀዋል። በቆሎው ግቢው ውስጥ ተበትኗል። እርሳቸው ግን "ምንም አልሆንሁም፣ ምንም አልሆንሁም፣ በቆሎውን አንሺ" ይላሉ። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ዞሮ ነበር።

ሐኪም ቤት ወስደናቸው ራጅ ተነሡ። አንጓቸው ተሰብሯል፤ በጀሶ ታሰረ። እኔና ባለቤቴ መተላለፊያው ላይ ቆመን ሳለ ወደ እኔ ዞሮ "ከእቁቡ የቀረውን እናውጣ፤ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው፣ ይህ በእኛ ላይ ነው" አለኝ።

"የቀረው ሁለት ሺህ አራት መቶ ብር ነው" አልሁ።

"ዐሥራ ሁለት ሺህ ነው የሚቀረው።"

"አይደለም።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ስልኩን አውጥቶ ለአንድ ጓደኛው ደወለና ብር ተበደረ። እማማ ከውስጥ ሆነው ሐኪሙን "እርሷ ምንም አላጠፋችም፣ እኔ ነኝ ያልተጠነቀቅሁ" ሲሉት ይሰማኝ ነበር።

ባለቤቴ የሚጮህ ሰው አይደለም። እርሱ ሲቆጣ ዝም ይላል። ዘጠኝ ቀን ዝም አለ። ራት ላይ "ጨው አቀብዪኝ" ይላል፤ ከዚያ በቀር የለም። እሑድ ሰበከ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥሁ። ምእመናን ሲወጡ "የዛሬው ቃል እንዴት ያጽናናል!" አሉኝ። "አሜን" አልሁ። የአገልጋይ ሚስቶች ይህ "አሜን" ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ ባለቤቴ መሮና መዶሻ ይዞ ሴራሚኩን እየሰበረ ያነሣል። ገና ዝናብ ነው፤ ፒጃማው በስብሷል። በንዴት መስሎኝ "ምን ማድረግህ ነው? ዐሥራ አንድ ሺህ ብር!" ብዬ ጮኽሁ። እውነተኛውን ዋጋ በአፌ የተናገርሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያውም በመቆጣት።

ቀና ብሎ አየኝና "ነገ ደግሞ ማን እንደሚወድቅ አላውቅም" አለ፤ ቀጥሎም መስበሩን ቀጠለ።

ትንሽ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ባልዲ አምጥቼ ስብርባሪውን መልቀም ጀመርሁ። አንዱ ስባሪ ጣቴን ቆረጠኝ። እርሱም መዶሻውን አስቀምጦ መሐረቡን አሰረልኝ፤ እዚያው እርጥቡ ደረጃ ላይ ተቀመጥን።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ 'ለሰው ዓይን ነው' ትለኛለሃ።"

"ብዬሽ አውቃለሁ?"

"ስድስት ጊዜ።" ቆጥሬ ነበር። ሴቶች እንቆጥራለን።

ብዙ ተነጋገርን። ሁሉንም አልጽፍላችሁም፤ የጓዳችን ነው። ከእርሱ የሰማሁትን አንድ ነገር ግን በፈቃዱ ልንገራችሁ። "በዚህ በር ዐሥራ ሁለት ዓመት ገብቼ ወጥቼ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አላየሁትም። የሚመጣውን ሰው ሁሉ እቀበላለሁ እላለሁ፤ ጭቃ ረግጦ፣ በጆንያ ላይ ተራምዶ፣ በጨለማ ተደናብሮ እንደሚገባ ግን አላሰብሁም። አንቺ ያየሽውን እኔ ብሰማሽ ኖሮ አብረን እንሠራው ነበር" አለኝ። እኔም የሰማሁትን የዚያን ባልና ሚስት ንግግር ያን ዕለት ነገርሁት። እስከዚያ ቀን አልነገርሁትም ነበር፤ ያፍራል ብዬ። አላፈረም፤ "ምን አለበት፣ እውነታቸውን ነው" ብሎ ሳቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኮሌጅ ሳለሁ መጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 ከምንም በላይ የሚሰለቸኝ ክፍል ነበር። የሰው ስም፣ የበር ስም፣ እንደገና የሰው ስም። ለፈተና እንኳ የዘለልሁት ይመስለኛል። በዚያ ክረምት ሳነብበው ከቅጥሩ ሠራተኞች መካከል በርከት ያሉት በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንደ ጠገኑ መጻፉን አየሁ። የከተማው ቅጥር ነው፤ ግን ሰውየው የሚጠግነው የራሱን ደጅ ነው። ደጁም የራሱ ብቻ አይደለም። መምህሬ ይህን አስተምረውን ከነበረ ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ያን ቀን አልሰማሁም።

ከቤተ ክርስቲያናችን አንድ ግንበኛ ወንድም ጠራን። የመጀመሪያው መልሱ ገረመን። "አሁን አልመጣም፤ ዝናብ ሲበረታ ደውሉልኝ" አለ። ደወልን። ጃንጥላ ይዞ መጣና ምንም ሳይለካ ግማሽ ሰዓት ያህል ግቢው መካከል ቆሞ ውሃውን ያያል። ቡና ብናቀርብ "ቆይ እትዬ" ይለኛል። በመጨረሻ "ፓስተር፣ ይህ ግቢ የመንገዱንም የጣሪያውንም ውሃ ነው የሚጠጣው። መውጫ የለውም። ለእርሱ መውጫ ሳናበጅ ቀለም ብንቀባ፣ አበባ ብንተክል ገንዘብ መበተን ነው" አለ። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

እናንተም ደጃችሁን ለማሳመር ካሰባችሁ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት በዝናብ ቀን ወጥታችሁ ቁሙ እላለሁ። በምሽትም ቁሙ፤ መብራት የሚያንሰው የት እንደሆነ ታያላችሁ። ከመንገዱ ማዶም ሆናችሁ እዩት። ይህ ሁሉ ምንም ብር አይጠይቅም። እኔ ግን በመጨረሻ ማድረግ የነበረብኝን፣ ቀለሙንና አበባውን፣ መጀመሪያ አደረግሁት።

ሥራው የተጀመረው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የጣሪያው አሸንዳ ተጠገነ፤ ውሃው በቱቦ ወርዶ ከአጥሩ ጥግ ወደ ውጭው ዲች እንዲሄድ ተደረገ። ቀጥሎ ከበሩ ሥር ከዳር እስከ ዳር ጠባብ ቦይ ተቆፍሮ በላዩ የብረት ፍርግርግ ተቀመጠ። ከመንገዱ የሚመጣው ውሃ እዚያ ውስጥ ይወድቅና ወደዚያው ዲች ይሄዳል። ጆንያው ያን ቀን ተጣለ። ባለቤቴ ጆንያውን ሊጥል ሲሄድ ጎማውንም አብሮ አንከባለለው፤ አጨበጨብሁለት።

ከዚያ ለመንገዱ ጥቁር አፈሩ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ ተቆፍሮ ወጣ። "ይህ አፈር ሲያብጥ ያነሣል፣ ሲደርቅ ይጥላል፤ ሲሚንቶአችሁን የሰነጠቀው እርሱ ነው" አለን ግንበኛው። በምትኩ ሬድ አሽ ገባ። አካባቢያችን እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነውና ይህ ቀይ፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ በቅርብ ይገኛል፤ ውሃ አይቋጥርም። በጋሪ እያመላለስን፣ እየደለደልን፣ ውሃ እያርከፈከፍን በየንብርብሩ ጠቀጠቅነው። ልጆቹም ባለቤቴም እኔም። በዚያ ላይ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ፊቱ ሻካራ የሆነ ጥርብ ድንጋይ ተነጠፈ። መንገዱ ከቤቱ ወደ በሩ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ ተደረገ። ግንበኛው ውሃ የሞላበት ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርግቶ ነው የለካው። በዓይን አይታይም፤ ውሃው ግን ያውቀዋል።

ስለ ደረጃው ትንሽ ልቆይ። አሮጌዎቹ ሁለት ደረጃዎች እኩል አልነበሩም። አንደኛው 27 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 18። ግንበኛው ሲለካ "እማማን ሴራሚኩ ብቻ አይደለም የጣላቸው፤ እግር የመጀመሪያውን ደረጃ ለምዶ ሁለተኛውን በዚያው ልክ ይጠብቃል" አለ። በሁለቱ ፋንታ ሦስት እኩል ደረጃዎች ሠራ፣ እያንዳንዱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ሙሉ ጫማ የሚያሳርፍ። ከጎኑ የብረት መደገፊያ ተበየደ። ለአሮጊት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ሕፃን ያዘለች እናት ስትወጣ እጇ ወዲያው ወደዚያ ብረት ሲሄድ ሁልጊዜ አያለሁ።

የአጥሩ የታችኛው ልስን ተፍቆ ሁለት ወር እንዲደርቅ ተተወና በሲሚንቶ እንደገና ተለሰነ፤ ቀለም የተቀባው በጥር ነው። የበሩ የበሰበሰ ታች ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደበት። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት የፈገፈግነው እኔና ትልቁ ልጄ ነን፤ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀባነው። የቀለሙን መልክ በተመለከተ ባለቤቴ ግራጫ አለ፣ እኔ አረንጓዴ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ የመንገድ ዳር አጥርና በር ሁሉ የመነጋገሪያ ርእስ ሆኗልና እርሱም ያየውን ወድዶ ነው። አረንጓዴ ሆነ።

ገንዘቡን እንዴት አደረጋችሁት ትሉኝ ይሆናል። ሠላሳ አንድ ሺህ ብር ወጣ፣ በስምንት ወር ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ። ያለን ሲያልቅ እናቆማለን። ወጥ ቤቱ ውስጥ በምስማር ላይ አንድ ደብተር ሰቅለን ማንም ያወጣው ብር፣ የጋሪው ሃያ ብር ሳይቀር፣ ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ "ሴራሚክ 11,000" የሚል አለ። ባለቤቴ "አያስፈልግም" ቢለኝም እኔ ጻፍሁት። ሮቶው እስካሁን አልተገዛም።

አበባ የተከልነው በሰኔ ነው፣ ዝናቡ ሲጀምር። ጥቁር አፈሩን ከሬድ አሽና ከፍግ ጋር ደባልቀን ከፍ ያለ መደብ ሠራን። በሩ አጠገብ አንድ ቦገንቪሊያ፤ ፀሐይ የሚወድ፣ ብዙ ውሃ የማይፈልግ ነውና ለሰነፍም ይሆናል። እሾህ ስላለው ሰው ከሚያልፍበት ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት። በመንገዱ ዳር ዳር የጥብስ ቅጠል፣ በመካከሉ ጤና አዳም፣ ጥግ ላይ ጠጅ ሳር። ጽጌረዳ ሦስት ብቻ። ያበበ አልገዛሁም፤ ሥሩ ደህና የሆነውን ትንሹን ገዛሁ። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ከተረፈው ድንጋይ ለሁለት ሰው የሚሆን መቀመጫ ተሠራ፣ በላዩም መብራት። ለምክር የሚመጡት ባልና ሚስት ተራቸውን ሲጠብቁ እዚያ ይቀመጣሉ። ሲመጡ ጫፍና ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጡት። በመስኮት እንዳታዪ ይለኛል ባለቤቴ፤ አንዳንዴ አያለሁ።

እማማ ጀሶው ከተፈታላቸው በኋላ አንጓቸው እንደ ድሮው አልዞረም። ዛሬም ቡና ሲቀዱ በግራ እጃቸው ነው። ይህን ማንም ግንበኛ አያስተካክለውም፤ እኔም በየቀኑ አየዋለሁ። ደረጃው ባለቀ ማግስት ጠርተናቸው ነበር። መደገፊያውን ይዘው ከመጀመሪያው ደረጃ ላይ ቆሙና እግራቸውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። "ይሄ ድንጋይ ነው። ያኛው ሳህን ነበር" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ በሚበሉበት ቀን ሁሉ መጥተው የጥብስ ቅጠል ይቀጥፋሉ፤ ሳያንኳኩ ነው የሚገቡት።

ለካስ የእርሳቸውም ግቢ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ባለፈው ክረምት ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቀን ባለቤቴና ግንበኛው በየጃንጥላቸው ሆነው በእርሳቸው በር ላይ ቆሙ። እኔ ከበረንዳዬ አያቸዋለሁ። እማማ ከውስጥ ሆነው "ምን ይገትራችኋል በዝናብ? ግቡ እንጂ፣ ቡናው ቀረበ!" ይላሉ።

"ትንሽ ይጠብቁን እማማ፣ ውሃውን እያየን ነው" አለ ባለቤቴ።